ስለ ዲስትሪክት 20 ጠይቁ፦ ሴናተር ስሚዝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና የኛ ድምፅ

ዛሬ ጥያቄ የሚመልሱልን ጋሼ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ናቸው። በየምርጫው ሰሞን ቤት ለቤት ሲያንኳኩ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ርዕሳችን የሜሪላንድ ስቴት የምርጫ ክልል የሆነው ዲስትሪክት 20 ነው፤ ታኮማ ፓርክንና የሲልቨር ስፕሪንግን ብዙ ክፍል የያዘው። ሴናተሩ ዊል ስሚዝ ነው።

የፌንተኑ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ? ሴናተር ስሚዝ የእህቴን የቪዛ ጉዳይ ያይልኝ ይሆን?

ጋሼ፦ አያይልህም። እሱ የስቴት ሴናተር ነው፣ ሥራው በስቴቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ነው። ቪዛ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ለኮንግረስ ተወካይህ ለጄሚ ራስኪን ቢሮ ጻፍ።

ሰላም ከፎር ኮርነርስ፦ ስሚዝ መጀመሪያ ሳይመረጥ ነው የገባው ይባላል። እውነት ነው?

ጋሼ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ይህን ሁላችሁም በደንብ አንብቡት።

እያንዳንዱ ዲስትሪክት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌቶች (የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት አባላት) አሉት። የሥራ ዘመናቸው አራት ዓመት ነው። በ2014 ከሦስቱ የዴሌጌት ወንበሮች ሁለቱ ክፍት ነበሩ። ሄዘር ማይዙር ለገዥነት፣ ቶም ሃከር ለካውንቲ ካውንስል ስለተወዳደሩ ነው። ስሚዝና ዴቪድ ሙን ያኔ ተመርጠው ገቡ። እስከዚህ ድረስ መራጩ እኛ ነን።

በ2016 የዲስትሪክቱ ሴናተር የነበረው ራስኪን ለኮንግረስ ተመረጠ። የሴናተርነቱ ወንበር ባዶ ሆነ። ማን ሞላው? እኔና አንቺ አይደለንም። ወንበሩን ይዞ የነበረው ፓርቲ በካውንቲው ያለው ማዕከላዊ ኮሚቴ ስም ያቀርባል፣ ገዥው ይሾማል። ያኔ ገዥው ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆጋን ነበር። የስሚዝን ስም የላከው ግን የሞንትጎመሪ ካውንቲ የዴሞክራቶች ኮሚቴ ነው። ስሚዝ የለቀቀው የዴሌጌት ወንበርም በዚያው መንገድ ለጄኔል ዊልኪንስ ሄደ። እሷ ደግሞ ራሷ የኮሚቴው አባል ነበረች።

ሁሉም ሕጋዊ ነው። ስሚዝንም በ2018 እና በ2022 ሕዝብ መርጦታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የኮሚቴውን አባላት የምንመርጠው እኛው ነን፤ ገዥው በሚመረጥበት ዓመት፣ በፕራይመሪ (ፓርቲዎች እጩ በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ)። ስማቸው የድምፅ መስጫው ወረቀት ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው። የኛ ሰው ከገዥው ጀምሮ ክቧን እያጠቆረ ይወርድና እዚያ ሲደርስ ባዶ ትቶት ይወጣል! ባዶ አትተዉት።

የኮልስቪሉ፦ እኔ ኖቬምበር ላይ እመርጣለሁ። አይበቃም?

ጋሼ፦ አይበቃም። እዚህ ዲስትሪክት ዴሞክራት ያልሆነ አያሸንፍም። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያልቀው ፕራይመሪ ላይ ነው። በ2006 ራስኪን ሴናተር የነበረችውን አይዳ ሩበንን ያሸነፋት በፕራይመሪ ነው። ከ1975 ጀምሮ አናፖሊስ የነበረች ሴት ናት፤ ሁለት ሦስተኛውን ድምፅ ያህል ወሰደባት። ኖቬምበር ላይ የመጣ ሰው ያለቀ ነገር ላይ ነው የደረሰው። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ደግሞ ዝግ ነው። ፓርቲ ሳትመርጡ ከተመዘገባችሁ በፕራይመሪው ሴናተርም ዴሌጌትም አትመርጡም። ምዝገባችሁን ዛሬ ማታ እዩት።

የታኮማው፦ እኔ በግሪን ካርድ መርጫለሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም።

የኮልስቪሉ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ወንጀል ነው! ሰው አታሳስት።

የታኮማው፦ ታኮማ ፓርክ ይፈቀዳል። አንተ ከተማውን ስለማታውቀው ነው።

የኮልስቪሉ፦ ስቴቱ ከፈቀደ ለምን እኛ ጋ አይሠራም ታዲያ?

ጋሼ፦ በቃ፣ አቁሙ። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ እንዲመርጥ ፈቅዷል። ግን ለከተማው ከንቲባና ካውንስል ብቻ ነው። ለስሚዝ፣ ለገዥ፣ ለፕሬዝዳንት ዜጋ ያልሆነ አይመርጥም። ኤምቪኤ መንጃ ፈቃድ ልታሳድሱ ስትሄዱ ስለ መራጭነት ትጠየቃላችሁ። ዜጋ ካልሆናችሁ «አይደለሁም» በሉ። ሳታነቡ አትፈርሙ። ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ ዜግነት ያስከለክላል፣ ከአገርም ያስባርራል።

እናት ከሎንግ ብራንች፦ ጋሼ፣ ኪራይ ጨመሩብኝ። ለሴናተሩ ልጻፍ?

ጋሼ፦ እትዬ፣ ለካውንቲው ይደውሉ። ካውንስሉ በ2023 ባወጣው ሕግ ጭማሪው በዓመት ከ6 በመቶ አይበልጥም። ሕንፃው 23 ዓመት ካልሞላው ግን አይነካውም። መጀመሪያ የሕንፃውን ዕድሜ ይጠይቁ።

የፌንተኑ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ ምን ይሠራል ታዲያ?

ጋሼ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም። የራሱ አስተዳደር ያለው ከተማ አይደለም፤ የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው።

ባለሱቅ፦ ቦኒፋንት መንገድ በፐርፕል ላይን ባቡር መስመር ግንባታ ስንት ዘመን ታጠረ። ይሄስ የማን ነው?

ጋሼ፦ ይሄ የስቴቱ ነው፣ እዚህ ላይ ስሚዝንም ዴሌጌቶቹንም ጠይቁ። በ2017 ተጀመረ፣ በ2020 ተቋራጩ ጥሎ ወጣ፣ በ2022 ሌላው ቀጠለ። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 21 ጣቢያ ነው። ያጣችሁትን ገቢ ከደረሰኝ ጋር ጻፉ። «ተጎዳን» ብቻ የሚል ደብዳቤ አይሠራም።

ሰላም ከፎር ኮርነርስ፦ ስሚዝ ራሱ ምን ሠራ?

ጋሼ፦ ከ2020 ጀምሮ የሴኔቱን የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ በሊቀመንበርነት ይመራል። ሜሪላንድ በ1974 ለፖሊሶች በዲሲፕሊን ጉዳይ ልዩ መብት የሚሰጥ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ስቴት ነበረች። በ2021 ያን ሕግ በመሻርም የመጀመሪያዋ ሆነች። በሴኔት በኩል ሥራው ያለፈው በእሱ ኮሚቴ ነው። ሆጋን ቪቶ አደረገ፣ ምክር ቤቱ ቪቶውን ሻረው። በ2023 ደግሞ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች የጊዜ ገደብ ሳያግዳቸው ካሳ እንዲጠይቁ የሚያስችለውን ሕግ በሴኔት ያቀረበው እሱ ነው። ለኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው።

ሰላም ከፎር ኮርነርስ፦ እኛስ አናፖሊስ ሄደን ስለ ረቂቅ ሕግ መናገር እንችላለን?

ጋሼ፦ ማንም ይችላል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ 90 ቀን ነው። ጁን ላይ ደውላችሁ «ሕጉን አስቁሙልን» አትበሉ። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት ከፍታችሁ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። የምትሰጣችሁ ጊዜ አጭር ናት፤ «ክቡራን፣ ክቡራት» እያላችሁ አትጨርሷት። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የረቂቁን ቁጥር ንገሯቸው፣ ደግፉ ወይም ተቃወሙ። ቀጥሎ የደረሰባችሁን ተናገሩ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ለሴናተር መምረጥ እችላለሁ?

ጋሼ፦ ከላይ ተመልሷል። አትችልም! ከመጠየቃችሁ በፊት እባካችሁ አንብቡ።

የታኮማው፦ አሁን ዜጋ ሆኛለሁ። ስም ለሚያቀርበው ለዚያ የዴሞክራቶች ኮሚቴ መወዳደር ብፈልግስ?

ጋሼ፦ እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው ደስ የሚለኝ። መጀመሪያ ዴሞክራት ሆነህ ተመዝገብ። ከዚያ የኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሄደህ ቁጭ በል፣ ማን ምን እንደሚሠራ እይ። የእጩነት ቅጹን የምታስገባው ለምርጫ ቦርድ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ከፕራይመሪው ወራት ቀድሞ ስለሆነ አሁኑኑ ደውለህ ጠይቅ። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ቅዳሜ አብረን ቅጹን እናያለን።