ሚኒስትሩን አፋጠጣቸው፤ ከዚያስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ሰሞኑን አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ምክር ቤት ውስጥ የመንግሥትን የጤና ፖሊሲ ሲያብጠለጥል አይቼ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መድኃኒት የለም፣ ሐኪም እየለቀቀ ነው፣ በጀቱ የት ገባ እያለ ሚኒስትሩን አፋጠጣቸው። እሳቸው ደግሞ «በየዓመቱ በጀት እየጨመርን ነው» ብለው ቁጥር ደረደሩ። ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይስቅብኛል። «ከእጅ አይሻል ዶማ፣ ይሄም ነገ ሥልጣን ቢይዝ ያው ነው» አለኝ። ማንን ልመን? ጩኸቱስ የሚለውጠው ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድምሽ ግማሹን አግኝቶታል። ቲያትር አለበት። ካሜራ በተደገነበት አዳራሽ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ፖለቲከኛ እኔ አላየሁም።

ግን አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርሽ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1946 የእንግሊዝ ሌበር (የሠራተኛ ፓርቲ) መንግሥት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የሚያቋቁም ሕግ ለምክር ቤት አቀረበ። በቸርችል የሚመሩት ወግ አጥባቂዎች ያኔ ተቃዋሚ ነበሩ፣ ሕጉንም በድምፅ ተቃወሙት። ሕጉ ግን አለፈ። በሐምሌ 1948 አገልግሎቱ ሥራ ጀመረ። በ1951 ቸርችል ወደ ሥልጣን ተመለሱ፤ አገልግሎቱን ግን አላፈረሱትም። ወጪው ከልክ አልፏል የሚለው ክርክር አልበርድ ሲል፣ በ1953 ጊልቦ የሚባል የካምብሪጅ ኢኮኖሚስት የሚመራው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሪፖርቱ በ1956 ወጣ። በገንዘብ ሲቆጠር ወጪው አድጓል። ከሀገሪቱ ጠቅላላ ገቢ ያለው ድርሻ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ከ3.75 ወደ 3.25 በመቶ ወርዶ ተገኘ!

ያንቺም ነገር እዚህ ጋ ነው። ሚኒስትሩ «ጨምረናል» ሲሉ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ተቃዋሚው «ቀንሳችኋል» ሲልም እንደዚያው፣ ያውም በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ። አምና መቶ የነበረ በጀት ዘንድሮ 110 ሆነ እንበል። ዋጋ በ20 በመቶ ከተወደደ፣ ሕዝቡም በ3 በመቶ ከጨመረ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከአምናው በ11 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቁጥር ስትሰሚ ለአንድ ሰው ስንት ነው፣ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ ነው ወይ፣ ከጠቅላላው በጀት ስንት በመቶ ነው ብለሽ ጠይቂ። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር፣ አብዛኞቹ አልደረሱበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመድቦ ሳይወጣ የቀረው ስንት ነው? ወረቀት ላይ ያለ በጀት መርፌ አይገዛም። ተቃዋሚው የተመደበውን ብቻ አንስቶ የወጣውን ካልጠየቀ፣ የቤት ሥራውን አልሠራም።

ሁለተኛ፣ «ከየት አምጥተህ?» በይው። የጎደለውን መቁጠር ቀላል ነው፣ የትም ሆስፒታል ብትገቢ የሚጎድል ነገር አታጪም። ከባዱ ማን ይክፈል የሚለው ነው። ግብር ይጨመር? የጤና መድኅን መዋጮ ይጣል? በሽተኛው ከኪሱ ያውጣ? ሦስቱም የሚያስከፋው ሰው አለው። ይሄ ጥያቄ ገዢ ፓርቲንም ይሰነጥቃል። ያንን የእንግሊዝ አገልግሎት የመሠረቱት አኑሪን ቤቫን በ1951 የራሳቸው መንግሥት በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ሲያመጣ ሹመታቸውን ጥለው ወጥተዋል። የአንቺ ሰውዬ ይሄ ጥያቄ ሲነሳ ዝም ካለ፣ እንግዲህ ወንድምሽ ይሳቅ።

ለውጥ ያመጣል ወይ ላልሽው፣ በዚያ ንግግር ብቻ አይመስለኝም። ድምፁ አነስተኛ ነው፣ ለዚህ እኮ ነው ተቃዋሚ የሆነው። ሥራው ያለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። እንግሊዝ ከ1861 ጀምሮ የመንግሥትን ወጪ የሚመረምር ኮሚቴ አላት፣ ሰብሳቢውም በልማድ ከተቃዋሚ ወገን ነው። እዚያ ጭብጨባ የለም፣ የኦዲት ሪፖርት ነው የሚገለበጠው። በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄም አለ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ሚኒስቴሩ የመለሰው ቁጥር በመዝገብ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመት እሱኑ አውጥቶ ማፋጠጥ ይቻላል። የሰውዬው ስም እነዚህ ቦታዎች ላይ አለ? እሱን ፈልጊ።

በነገራችን ላይ፣ በብዙ አገር ተወካይ ምክር ቤት ውስጥ በተናገረው አይከሰስም። እንግሊዞች ይህንን በ1689 ሕግ አድርገው ጽፈውታል። ያለዚያ ማን ይደፍራል? ግን «እከሌ መድኃኒቱን ሸጦ በላ» ካለ፣ ከአዳራሹ ውጭ ጋዜጠኛ ፊት ይደግመው እንደሆነ ጠብቂ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። አንዲት ታካሚዬ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ስትጠብቅ ብዙ ተሰቃይታለች። ታሪኳን ለተቃዋሚ ተወካይ ብሰጠው ምክር ቤት ያነሳዋል ብዬ አስባለሁ። ልስጠው?

መልስ፦ ሳታስፈቅጃት በፍጹም! በ1992 የእንግሊዝ ምርጫ ሌበር፣ ያኔ ተቃዋሚ ነበር፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ስለምትጠብቅ ልጅ የቴሌቪዥን ቅስቀሳ ሠራ። ቀናት ሳይቆይ ወረፋው ተረሳ። ጋዜጦቹ ልጅቷ ማን ናት፣ ወላጆቿ ማንን ይደግፋሉ፣ ስሟን ማን አወጣው ወደሚለው ገቡ። ያንቺም ታካሚ እንደዚያ እንዳትሆን። ለተወካዩ ስም የሌለበት ነገር ይበቃዋል፦ ስንት ሰው ወረፋ ላይ አለ፣ በአማካይ ስንት ወር ይጠብቃል፣ ማሽኑ ነው የጎደለው ወይስ ሰመመን ሰጪው። እሱንም ቢሆን በይፋ ከወጣ ሪፖርት ውሰጂ፤ ካልሆነ የመሥሪያ ቤትሽን ደንብ አንብበሽ ነው። ታካሚሽ ራሷ መናገር ከፈለገች ስልኩን ስጫት።