ቀለሙን ለመጨረሻ አቆዩት

ወፍ መመልከት ለጀመራችሁ ልጆች፣

በመናገሻ ሱባ ጽድና ዝግባ መካከል፣ ወይም እንጦጦ ላይ፣ ከቅጠል ቅጠል እየዘለለች ነፍሳት የምትለቅም፣ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝምና 10 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ታጋጥማችኋለች። ከሦስት ተመሳሳይ ወፎች አንዷ ልትሆን ትችላለች፦ ቺፍቻፍ፣ ዊሎው ዋርብለር (ባጭሩ ዊሎው) ወይም ብራውን ዉድላንድ ዋርብለር። ብዙዎቻችሁ «አረንጓዴ ቢጤ ናት» ብላችሁ መጽሐፍ ወደ መግለጥ ትሮጣላችሁ። በዛፍ ጥላ ሥር ቀለም አይታመንም። በቅጠል መካከል ያለፈ ብርሃን ነጩን ደረት ቢጫ ያስመስለዋል፤ የረጠበ ላባ ይጠቁራል፤ ባሕር ዛፍ አበባ ላይ የዋለች ደግሞ ፊቷ የአበባ ብናኝ ይለብሳል።

መጀመሪያ ወሩን አስቡ። ቺፍቻፍና ዊሎው ዋርብለር በሐምሌ አውሮፓና እስያ ናቸው፤ ስለዚህ ከሦስቱ የምትቀረው ነዋሪዋ ብራውን ዉድላንድ ዋርብለር ናት፦ ጀርባዋ ቡናማ፣ የክንፍ ላባዋ ጠርዝ አረንጓዴ። ዊሎው በመስከረምና በጥቅምት ታልፋለች፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ትመለሳለች። ቺፍቻፍ ግን በጋውን እዚሁ ደጋ ላይ ትከርማለች።

ቀጥሎ ክንፍ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ወፏ በጎኗ ስትቆም፣ በታጠፈው ክንፍ ላይ አጫጭር ሸፋኝ ላባዎች ይታያሉ፤ ከሥራቸው የረጃጅሞቹ የበረራ ላባዎች ጫፍ ወደ ጅራት ብቅ ይላል። ብቅ ያለውን ከሸፋኞቹ ርዝመት ጋር አነጻጽሩት። ግማሽ ገደማ ከሆነ ቺፍቻፍ ናት፤ ሦስት አራተኛና ከዚያ በላይ ከሆነ ዊሎው። ዊሎው እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ስለምትበርር ረጅምና ሹል ክንፍ ያስፈልጋታል። ከሥር ሽቅብ ካያችሁ ግን ልኩ ይዛባል፤ ጎኗን እስክትሰጣችሁ ታገሡ።

እግር ይረዳል፣ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፦ የቺፍቻፍ ጥቁር፣ የዊሎው ፈዘዝ ያለ ነው፤ እግሯ የጠቆረ ዊሎውም አለች። ከእግር ይልቅ ጅራት ይሻላል። ቺፍቻፍ ስትለቅም ጅራቷን ወደ ታች ቶሎ ቶሎ ነቅነቅ ታደርጋለች። ጥሪዋም አንድ ወጥ «ህዊት» ነው፤ የዊሎው «ሁ-ኢት» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል።

ባይኖኩላር 8 በ42 (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። 10 ጊዜ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳየውም ስፍራ ጠባብ ነው። ጠዋት ከ12:30 እስከ 3:30 ውጡ። ድምፅ ቀድታችሁ ከስልክ እየደጋገማችሁ አታሰሙ፤ ክልሏን የምትጠብቅ ወፍ ምግቧን ትታ የሌለ ባላጋራ ስታሳድድ ትውላለች።

መጽሐፉን የምትከፍቱት ያያችሁትን ከጻፋችሁ በኋላ ይሁን። ክንፉን ካላያችሁ፣ ድምፅም ካልሰማችሁ፣ በተለይ ሁለቱ በሚገናኙበት በጥቅምትና በመጋቢት፣ «ቺፍቻፍ ወይም ዊሎው» ብላችሁ ከነቀኑና ከነቦታው መዝግቡ።