የአንባቢያን ጥያቄ፦ ትልቁን ሞተር ልግጠምበት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያዬን የሪሞት አውሮፕላን ሠርቼ ልጨርስ ነው። ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት ነው፤ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1.3 ሜትር። ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ 1.1 ኪሎ ይመዝናል። አብሮት የመጣው ወረቀት 4 ሲሲ ቱ ስትሮክ ይላል። አንድ ጓደኛዬ ግን «7.5 ግጠምበት፣ ኃይል ቢተርፍ ምን ይጎዳል?» እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ሌላው ደግሞ ፎር ስትሮክ ይሻላል ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወረቀቱን ስማ። ጓደኛህ የሚልህን እኔ ድሮ ሞክሬዋለሁ።

ያንተን የሚያህል ቀላል አውሮፕላን ነበረኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ አንድ 7.5 ሲሲ ተቀምጧል። እሱ እያለ ሌላ መግዛት ከበደኝና ገጠምኩት። ይህ ሞተር ከነማርሚታው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ 4 ሲሲው የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። ሩብ ኪሎ ምን አላት አትበል። የተሰቀለችው አፍንጫው ላይ ነው። ክንፉን በሁለት ጣት ደግፌ ሳነሳው ወደፊት ድፍት አለ። ባትሪውን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ አልበቃም። ጅራቱ ውስጥ ክብደት እንዲሆን የእርሳስ ብረት ጨመርኩ። ትልቅ ሞተር ብዙ ይጠጣልና የነዳጅ መያዣውም ተለወጠ። ሞተሩ የሚታሰርበት ጣውላ እንዳይነቀል ሌላ ደረብኩበት።

መብረሩን በረረ። ግን ነዳጁን ከግማሽ በላይ ሰጥቼው አላውቅም፤ ክንፉ ይንቀጠቀጥብኛል። ለማሳረፍ ፍጥነቱን ስቀንስ ደግሞ ዱብ ይላል። ስለዚህ እያስሮጥኩ ማሳረፍ ግድ ሆነብኝ። በአራተኛው ቀን እግሩ ከነሆዱ ተገንጥሎ ሜዳው ላይ ቀረ።

ፎር ስትሮክን እኔም እወደዋለሁ፤ ድምፁ ደስ ይላል፣ በዝግታ እየዞረ ትልቅ ፕሮፔለር ይጎትታል። ነገር ግን ቱ ስትሮክ በየዙሩ ሲያቀጣጥል እሱ በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ነውና፣ የ4 ሲሲ ቱ ስትሮክን ጉልበት ለማግኘት ወደ 6 ሲሲ መጠጋት አለብህ። ክብደቱም ዋጋውም ይጨምራል፣ ቫልቩም ማስተካከያ ይፈልጋል። ለሁለተኛው አውሮፕላንህ አቆየው።

ስትገዛ ባለ ኩሽኔታውን ብታገኝ ጥሩ ነው። ያገለገለ ከሆነ ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው። ከተወላገደ ተወው። ስታዞረው የሚያንገራግር ከሆነም ኩሽኔታው ዝጎ ይሆናል። ነዳጁ ውስጥ ያለው ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) እርጥበት ይስባል፤ ውስጡ ነዳጅ ቀርቶበት የከረመ ሞተር ይዝጋል። አዲስ ከሆነ ግን ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ጥብቅ ይላል። አትደንግጥ፣ ብዙዎቹ ሲሠሩ ሲሊንደሩ ወደ ላይ ጠበብ ተደርጎ ነው፤ ሲሞቅ ይለቃል። ሮዳጁን ነዳጅ አብዝተህ በአጭር በአጭሩ እያስነሳህ ጨርስ።

ለፕሮፔለር በ9 በ5 ጀምር። ዘጠኙ ርዝመቱ ነው በኢንች፣ አምስቱ በአንድ ዙር ወደፊት ሊሄድ የሚገባው። ቀስ ብሎ እንዲበርልህ ከፈለግህ 9 በ4 ሞክር፤ ፍጥነቱ ቀንሶ ጉተታው ይጨምራል።

መርፌውን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ የሚመጥነውን ብሎን፣ ስታስተካክል አንድ ዘዴ ላሳይህ። ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየዞረ የነዳጅ ቱቦውን በጣትህ ለቅጽበት ቆንጠጥ አድርገህ ልቀቅ። ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ከተመለሰ ነዳጁ በቂ ነው። ወዲያው ሊጠፋ ከቃጣ ግን አንሶታል፣ መርፌውን ከፈት አድርግ። ይህን ሁሉ ስታደርግ ከፕሮፔለሩ ኋላ ሁን።

ለማስነሳትም በጣትህ አትምታው፣ እንጨት ያዝ። ለምን ካልክ የግራ እጄን ሌባ ጣት አሳይሃለሁ።