የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች፦ ዓይን ያወጣ ሁሉ አልቦካም

«ተልባ ሳይፈጭ ብውጠው ያው አይደል?» ይላሉ የደሴ አንባቢ። ያው አይደለም፣ እንደገባ ይወጣል። ቆላ አድርገው ይውቀጡት፤ ከተወቀጠ በኋላ ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ በትንሽ በትንሹ ይሁን።

አንዲት የአዳማ እናት ምስርና ጎመን ከገበታቸው ባይጠፋም ጾም በገባ ቁጥር ደማቸው እንደሚያንስ ጽፈዋል። ሦስት ገጽ ካነበብኩ በኋላ «ቡናችን ከምሳ ጋር ነው» የሚል አገኘሁ። ይኸው! ቡናና ሻይ በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያስሩታል። ቡና ይተዉ አልልም (ማን ይሰማኛል?)፣ ከምሳ በኋላ ሰዓት ያህል ይቆይ። ምስሩ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት። ጤና ጣቢያም ጎራ ይበሉ።

የሜሪላንዷ አንባቢ ጤፍን ከሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት (ቤኪንግ ፓውደር ከተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) ጋር በጥብጠው በዚያው ቀን ይጋግራሉ። ባለቤታቸው «ጤፍ ያው ጤፍ ነው» ይላሉ፤ እኔ እንድፈርድ ነው።

ፈረድኩ፤ ባለቤትዎ ተሳስተዋል። ዓይን የሚያወጣው አየር ነው፣ አየሩን ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር በደቂቃ ይሠራዋል። እርሾ ግን ሌላም ሥራ አለው። በጤፍ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አይረኑንና ዚንኩን ጠፍሮ ይዟል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካና ሲኮመጥጥ እህሉ ራሱ የያዘው ኢንዛይም ይነቃና ፋይቴቱን ይሰባብራል፣ ማዕድኑ ይፈታል። በአንድ ቀን እንጀራ ግን እንደታሰረ ሆድዎ ውስጥ ያልፋል። በዚያ ላይ «ጤፍ በአይረን ሀብታም ነው» ሲባል ከቁጥሩ ከፊሉ ከአውድማ የተቀላቀለ አፈር መሆኑን ብዙ ሰው አይነግርዎትም። ባቄላን በቆልት የሚያደርጉ እናቶችም ይህንኑ ፋይቴት ነው የሚቀንሱት፣ ስሙን ባያውቁትም። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ፤ ሐሙስ ማታ ይበጥብጡት፣ ቅዳሜ አብሲት ጥለው ይጋግሩ። ቡኮው እርስዎን ቁጭ ብለው እንዲጠብቁት አይጠይቅም።

ከጾም ውጭም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከተዉ አራት ዓመት የሆናቸው ወጣት እግራቸው ይደነዝዛቸዋል፤ «እርሾ ቢ12 አለው ተብያለሁ» ይላሉ። የለውም። ቢ12 ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው፤ ከምስርም ከእርሾም አይገኝም፣ ጉበት ያጠራቀመው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ያልቃል። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ሌላ ቫይታሚን ብቻ ቢወስዱ ደምዎ ተስተካክሎ ነርቭዎ መጎዳቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ከእኔ መልስ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደው ደምዎን ይመርመሩ። በዚህ ሳምንት!

«ሽሮ ፕሮቲን አለው?» አለው። የሰሃኑ አበባ በሽሮው ውስጥ የሚታይ ከሆነ ግን ውሃ ነው የበሉት።