ጥያቄና መልስ፦ የባሮክ (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ የነበረው የአውሮፓ ሙዚቃ) ኖታዎች በማን እጅ አለፉ?

(ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥ፦ ጋሼ፣ ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቪቫልዲ ከሞተ በኋላ ኖታዎቹ የት ገቡ?

መ፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር! ሰውየው በ1741 ቪየና ሞተ። የእጅ ጽሑፎቹ ቬኒስ ውስጥ ከሰብሳቢ ሰብሳቢ ሲዞሩ ቆይተው ኮንት ጃኮሞ ዱራዞ እጅ ወደቁ፤ ኋላ ወራሾቹ ተካፈሏቸው። ጣጣው ሁሌም እዚህ ላይ ነው፣ አትከፋፍሉ! ግማሹ ጣሊያን ውስጥ ቦርጎ ሳን ማርቲኖ የሚገኝ የሳሌዥያን (የካቶሊክ ማኅበር) ትምህርት ቤት ደረሰ። በ1926 መነኮሳቱ ለቤት ማደሻ ብር ሲቸግራቸው ሊሸጡት አሰቡና የቱሪንን ቤተ መጻሕፍት ዋጋ ገምቱልን አሉ። የሙዚቃ ምሁሩ አልቤርቶ ጄንቲሊ ሳጥኖቹን ቢከፍት የቪቫልዲ ጥራዝ በጥራዝ ላይ። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ገንዘብ የለውም፣ ወሬው ነጋዴ ጆሮ ከገባ አለቀ። ድምፅ ሳያሰሙ ሮቤርቶ ፎአ የሚባል ባለሀብት አገኙ፤ በሞተበት ልጁ በማውሮ መታሰቢያ ገዝቶ ሰጠ። ጄንቲሊ ግን የጥራዞቹ ቁጥር እየዘለለ እንቅልፍ ነሳው። ሌላ ግማሽ አለ ማለት ነዋ! ጄኖቫ፣ የዱራዞ ዘሮች ቤት ተገኘ። በ1930 ፊሊፖ ጆርዳኖ ገዛው፣ እሱም ልጁን የቀበረ አባት። ዛሬ ሁለቱም ቱሪን ናቸው፣ በሁለቱ ሕፃናት ስም።

ጥ፦ ባክስ?

መ፦ ባክስ ምን? ጥያቄውን ጨርሰው እንጂ።

ጥ፦ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የባክ ኖታዎች እሱ ከሞተ በኋላ ምን ሆኑ ለማለት ነው።

መ፦ በ1750 ሲሞት ተከፋፈሉ (አሁንም!)። ልጁ ካርል ፊሊፕ የደረሰውን ጠበቀ፣ ሌላው ልጁ ፍሪደማን ሸጠ።

አንድ የቡድኑ አባል፦ ፍሪደማን ሰካራም ስለነበረ ነዋ፣ ያባቱን ውርስ ጠጣው።

ሌላ አባል፦ ማን ነገረህ? በ1764 በጀርመኗ ሃሌ ከተማ የነበረውን ሥራ ለቆ ቋሚ እንጀራ ሳያገኝ ነው የሞተው። ደግሞ ሣራ ሌቪን ያስተማረው እሱ ነው፤ እሷ ኖታዎቿን ለበርሊን ዚንግ አካዴሚ (የመዘምራን ማኅበር) ባትሰጥ ዛሬ ምን ታነብ ነበር?

የመጀመሪያው፦ የሸጠው ግን ሸጠ ነው።

መ፦ በቃችሁ! የአካዴሚው ስብስብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠፍቶ በ1999 ኪየቭ ተገኘ፣ በ2001 በርሊን ገባ። አንድ ላይ ስለተቀመጠ አንድ ላይ ተመለሰ። እሱን ተነጋገሩ።

ጥ፦ የድሮ ኖታ የተጻፈበት ቀለም ወረቀቱን ይበላል የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ አዎ፣ ብረት አለበት። ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈበት ቦታ ኖታው ራሱ ቀዳዳ ይሆናል። ለበርሊኖቹ የባክ ገጾች ወረቀቱን ፊትና ጀርባ ለሁለት ሰንጥቀው፣ መሃሉ ስስ ጠንካራ ወረቀት አስገብተው መልሰው አጣበቁት። ቤታችሁ እንዳትሞክሩት! ላሚኔትም አታስደርጉ።

ጥ፦ አንድ ገጽ ስንት ያወጣል?

መ፦ ደላላ አይደለሁም።

ጥ፦ ጋሼ፣ አጎታችን የድሮ ኖታዎች ትቶልን ነበር። ከእህቴ ጋር ግማሽ ግማሽ ብንወስድስ?

መ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብበኸዋል?