ልጅዎ ትንሽ ኮሌጅ ገብታ ፊዚክስ ብትማር ይጠቅማታልን?

እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ። ልጅዎ እዚሁ ጎንደር 12ኛ ክፍልን ጨርሳ አሜሪካ ከሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሙሉ የትምህርት ዕድል ማግኘቷን፣ ኮሌጁ ግን ማስተርስም ሆነ ዶክትሬት ስለማይሰጥና ስሙን የሚያውቅ ሰው ስላጡ ፊዚክስ ለመማር መሄዷ እንዳሳሰበዎት ጽፈዋል። እኔም የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ በእንዲህ ያለ ኮሌጅ ፊዚክስ ተምሬ ስለተመለስኩ የማውቀውን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

ዶክትሬት አለመስጠቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። በትልልቆቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፊዚክስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በሚቀመጡበት አዳራሽ ሲሆን፣ ላቦራቶሪውን በአብዛኛው የሚመሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። በትንሹ ኮሌጅ እነዚህ ተማሪዎች ስለሌሉ ላቦራቶሪውን የሚመራው መምህሩ ራሱ ነው፤ ምርምሩንም አብራው የምትሠራው እንደ ልጅዎ ያለች ተማሪ ናት። እኔ ጎንደር ስማር ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ላይ የሚያሳይ መለኪያ) የማውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነበር፤ እዚያ ግን በመጀመሪያው ዓመት መምህሬ አጠገቤ ቆሞ የለካሁት ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመንና ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ እስካስረዳው ድረስ አይለቀኝም ነበር። የአቶምንና ከአቶም ያነሱ ነገሮችን ጠባይ የሚያጠናውን ኳንተም ሜካኒክስን የተማርነው ጥቂት ሆነን ስለነበር ሁላችንም በየተራ ሰሌዳው ላይ እየወጣን የቤት ሥራችንን እናስረዳ ነበር። መምህርን ደጋግሞ መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት አካባቢ ላደገ ልጅ ይህ ከትምህርቱ ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ መምህሮቿ ለተማሪ በመደቡት ሰዓት ቢሯቸው እየሄደች እንድትጠይቅ ከአሁኑ ያበረታቷት።

ስሙ አለመታወቁን በተመለከተ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጆሴፍ ቴይለር የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው ከሃቨርፎርድ ኮሌጅ፣ በ2006 የተካፈለው ጆን ማዘር ደግሞ ከስዋርዝሞር ኮሌጅ ነው፤ ሁለቱም ትንንሽ ኮሌጆች ናቸው። በኦሪገን የሚገኘው ሪድ ኮሌጅም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ፈቃድ አውጥተው የሚያንቀሳቅሱት የምርምር ኑክሌር ሬአክተር አለው። ደግሞም በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ፊዚክስ ዶክትሬት መግባት የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ የዶክትሬት ተማሪዎችም በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠሩ የትምህርት ክፍያቸው ይሸፈንላቸዋል፣ የኑሮ ድጎማም ያገኛሉ።

በእኔ እምነት ሊያሳስብዎት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። መምህራኑ ጥቂት በመሆናቸው አንዳንድ የከፍተኛ ዓመት ኮርሶች በየሁለት ዓመቱ ብቻ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ለእነዚህ ኮርሶች የሚያስፈልገውን ሒሳብ በጊዜው ያልጨረሰ ተማሪ አንዱ ኮርስ ካመለጠው ሳይወስደው ሊመረቅ ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን የክረምት ምርምርን ነገር አጥብቀው ይጠይቁ። ለሳይንስ ምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም፣ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚልክበት የክረምት ምርምር ፕሮግራም ክፍያ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ፣ በተማሪ ቪዛ የምትሄደው ልጅዎ በዚያ ልትተማመን አትችልም። ለዶክትሬት ስታመለክት የሚጠቅማት የድጋፍ ደብዳቤ የሚገኘው ደግሞ አብራው ምርምር ከሠራች መምህር ነው። ስለዚህ ኮሌጁ ለውጭ አገር ተማሪዎች ጭምር የሚከፍልበት የራሱ የክረምት ምርምር ገንዘብ እንዳለው፣ ያለፉት ዓመታት የፊዚክስ ምሩቃኑም የት እንደገቡ በጽሑፍ እንዲነግራት ትጠይቅ፤ ጥሩ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ይህን ለመመለስ አይዘገይም።

ከመሄዷ በፊት ባለው ክረምት በ12ኛ ክፍል የጀመረችውን ካልኩለስ ደግማ ብትሠራና ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ብትለማመድ የመጀመሪያው ሴሚስተር ይቀልላታል። ለኮሌጁ የምትልከውን ጥያቄ በማዘጋጀት በኩል ረዳት ካስፈለጋት በውስጥ መስመር ትጻፍልኝ፤ የኮርስ ዝርዝሩንም አብረን እናየዋለን።