የከርነል ማስተካከያ በአዲሱ ማሽን ላይ ሠርቷል፤ ለአሮጌዎቹም ይጫን?

ጠያቂያችን፣ በማሠልጠኛችሁ ኮር ቱ ዱኦ የተባለ አሮጌ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸውና አዳዲስ ኮምፒውተሮች አብረው እንደሚሠሩ ገልጸው፣ ማስተካከያውን የያዘው አዲሱ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) በአንድ አዲስ ማሽን ላይ ያለ እንከን ስለሠራ ለሁሉም ይጫን እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚሁ ድሬዳዋ ዕድሜያቸው የተራራቀ ማሽኖችን ለዓመታት ስጠግን እንደኖረ ሰው፣ በአሮጌው ላይ ሳይሞከር አይጫን እላለሁ።

የከርነሉ ፋይል አንድ ቢሆንም የሚሠራው ትእዛዝ በሁሉም ላይ አንድ አይደለም። ከርነሉ ሲነሣ ፕሮሰሰሩ ምን ችሎታ እንዳለው ያጣራና በዚያው መሠረት ከራሱ ትእዛዞች አንዳንዶቹን በሌላ ይተካል፤ ስለዚህ አሮጌው የሚሄድበት መንገድ በአዲሱ ላይ አንድ ጊዜም ሳይረገጥ ሊቀር ይችላል።

በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውን ሜልትዳውን የተባለ የፕሮሰሰር የደኅንነት ክፍተት እንውሰድ። መከላከያው የከርነሉንና የተጠቃሚውን የሜሞሪ ገጽ ሠንጠረዦች (አድራሻዎች በሜሞሪ የት እንዳሉ የሚያሳዩትን) ስለሚለያይ፣ ፕሮግራም ከርነሉን በጠራ ቁጥር ሠንጠረዥ ይቀየራል። ፒሲአይዲ (የአድራሻ መረጃ የየትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ የሚለይ ችሎታ) ያለው ፕሮሰሰር በቲኤልቢ፣ ማለትም በፈጣኑ የአድራሻ ማከማቻው፣ የያዘውን መረጃ ሳይጥል ይህን ያልፋል፤ ኮር ቱ ዱኦ ግን ፒሲአይዲ ስለሌለው በየጊዜው ጥሎ እንደገና ይሞላል፣ ፋይል ደጋግሞ በሚከፍት ሥራ ላይም ዝግመቱ ይብሳል። በዚያ ላይ 64 ቢቱ ከርነል መከላከያውን በስሪት 4.15 ሲያገኝ፣ 32 ቢቱ እስከ 4.19 መጠበቅ ነበረበት። በዚያው ወር ማይክሮሶፍት ያወጣው ማስተካከያም አንዳንድ አሮጌ የኤኤምዲ ማሽኖች እንዳይነሡ በማድረጉ ለእነርሱ እንዲቆም ተደርጓል።

በመጀመሪያ በፕሮክ ሥር ያለውን የሲፒዩኢንፎ ፋይል (/proc/cpuinfo) ከፍተው የፕሮሰሰሩን ችሎታዎች የሚዘረዝረውን የፍላግስ (flags) መስመር በየማሽኑ ያመሳክሩ። ፒሲአይዲ ያለውን አዲሱን ማሽን «ኖፒሲአይዲ» (nopcid) በሚል የቡት ትእዛዝ አስነሥተው የአሮጌውን መንገድ በከፊል መሞከር ይችላሉ፤ ቨርቹዋል ማሽንም ለመነሻ ይረዳል፣ ሆኖም የማይክሮኮድን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን መቆጣጠሪያ ኮድ) ጠባይ ስለማያሳይ ትክክለኛውን ማሽን አይተካም። ከተነሣ በኋላ በሲስ ሥር ያለውን የቨልነረቢሊቲስ ማህደር (/sys/devices/system/cpu/vulnerabilities) ይመልከቱ፤ በሜልትዳውን ፋይል ውስጥ «ሚቲጌሽን፦ ፒቲአይ» (Mitigation: PTI) የሚል ካለ መከላከያው እየሠራ ነው፣ «ቨልነረብል» (Vulnerable፣ ተጋላጭ) የሚል ከሆነ ግን ማሽኑ ስለተነሣ ብቻ ተስተካክሏል ብለው አይለፉት።

ፍጥነት ሲለኩ የከተማችንን ሙቀት አይዘንጉ። ማራገቢያው አቧራ የጠጣ ማሽን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፕሮሰሰሩን ራሱ ስለሚያዘገይ፣ ጥፋቱ በከንቱ በማስተካከያው ላይ ይላከካል። ማራገቢያውን አጽድተው፣ አሮጌውንና አዲሱን ከርነል በአንድ ማለዳ፣ በዚያው ማሽን ላይ ያወዳድሩ።

የቀድሞውን ከርነል ከግረብ (ማሽኑ ሲነሣ ከርነል ከሚያስመርጠው ፕሮግራም) ዝርዝር ሳያጠፉ በአንድ ኮር ቱ ዱኦ ላይ ይጫኑና ሠልጣኞች ለአንድ ሳምንት ይገልገሉበት። የፍላግስ መስመሩንና የከርነሉን ስሪት እዚህ ቢለጥፉልን ደግሞ የትኛው ማሽን ቀድሞ ይሞከር የሚለውን አብረን እናያለን።